ወጡ ይቅደም፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ የቀኑን ፕሮቲን እንዴት እንሙላ?

ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ጥገና በተሠራሁ በሦስተኛው ሳምንት የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጋ ቀረብኩ። "በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን እየወሰድሽ ነው?" አለችኝ። "ኧረ በደንብ ነው! የሥጋ ሾርባ በየቀኑ እጠጣለሁ" አልኳት። "እስኪ የትናንቱን ንገሪኝ" ብላ እስክሪብቶ አነሳች። ሾርባ ሁለት ሲኒ። ቀጭን አጥሚት አንድ ሲኒ። እርጎ ሦስት ማንኪያ። ወተት ግማሽ ብርጭቆ። ስትደምረው 14 ግራም አልሞላም።

የሚያስፈልገኝ ቢያንስ 60 ነበር።

እዚህ ሜሪላንድ ዙሪያ ይህን ቀዶ ጥገና ያደረጉ ብዙ አበሾች አውቃለሁ። ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፦ "ፕሮቲኑ አልሞላልኝም።" ሆስፒታል የሚሰጠን ወረቀት ስለ ተርኪ፣ ስለ ኮቴጅ ቺዝና ስለ ጣሳ ሾርባ ያወራል። ስለ ሽሮና ስለ አይብ የሚለው ነገር የለም። ስለ ጾምና ስለ ጉርሻማ ጭራሽ! ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ከራሴ ማዕድ ቤት የተማርኩትን ልጻፍላችሁ። የእናንተ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱን ስሙ።

1. መጀመሪያ ቁጥራችሁን እወቁ

ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። ባይፓስ በሚባለው ሌላኛው ቀዶ ጥገና ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትቀራለች። የቡና ሲኒ እንኳ አትሞላም። ቦታው ጠፋ፣ የሰውነት ፍላጎት ግን አልጠፋም። ፕሮቲን ካነሰው ሰውነት ጡንቻን ያፈርሳል። ያኔ ሚዛኑ ላይ ኪሎው ሲወርድ ደስ ይለናል፤ የወረደው ግን ስብ ብቻ አይደለም።

አብዛኛው የሕክምና መመሪያ ዝቅተኛውን መጠን በቀን 60 ግራም ያደርገዋል። እንደ ሰውየው ቁመትና ሁኔታ ለቁመት ተገቢ በሆነው ክብደት በኪሎ እስከ 1.5 ግራም ሊደርስ ይችላል። ለምሳሌ ለቁመታችሁ ተገቢው ክብደት 60 ኪሎ ከሆነ ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስሌቱ አሁን ባላችሁ ኪሎ አይደለም። ኩላሊታችሁ ችግር ካለበት ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ ቁጥሩን ከፍ አታድርጉ።

ቁጥሩን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። የኔ እስካሁን እዚያው አለ። 70 ይላል።

2. ሚዛን ግዙ

"በግምት" የሚባለው ነገር ይብቃ። ትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛን በቂ ነው። ሥጋ የሚመዘነው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ከታች ያሉት ቁጥሮች የበሰለውን ነው የሚሉት።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር፣ 8 ግራም ይሰጣል። አይብ ትልቁ ጓደኛችን ነው፤ በ100 ግራም ወደ 14 ግራም ይጠጋል፣ ስቡም ትንሽ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይብ 4 ግራም አድርጋችሁ ቁጠሩት። የግሪክ እርጎ የሚባለው ወፍራሙ እርጎ በ100 ግራም 10 ግራም ገደማ አለው። የዶሮ ደረት በ100 ግራም 31፣ ቀይ ሥጋና ዓሣ 26 አካባቢ ናቸው። የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ነው።

አሁን ወደ ሽሮ። ሽሮ ፕሮቲን አለው፣ እውነት ነው። ዱቄቱ በ100 ግራም ወደ 20 ግራም ይጠጋል። ግን 100 ግራም ዱቄት ማን በአንዴ ይበላል? ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ ውስጥ የሚገባው 30 ግራም ቢሆን ነው፤ ያ 6 ግራም ፕሮቲን ነው፣ እንደ አንድ እንቁላል። ቀጥኖ ከተሠራ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንጀራ ከ100 ግራሙ ጥቂት ግራም ብቻ ነው የሚሰጠው። ያውም ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጥና ቦታውን ሁሉ ይይዘዋል።

የሥጋ ሾርባም ቢሆን ሥጋው ካልተበላ መረቁ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እኔን ያታለለኝ እሱ ነው።

3. ፈሳሹን ወቅት በአጥሚት እለፉት

ቅደም ተከተሉ እንደ ሆስፒታሉ ትንሽ ይለያያል። በጥቅሉ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገደማ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ እስከ አራተኛው ሳምንት የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ነው። ወደ መደበኛው የሚገባው ሁለት ወር አካባቢ ነው። እናት ወይም እህት ቤት ስትመጣ የምትሠራው አጥሚት ለዚህ የተፈጠረ ነው። ችግሩ ስኳሩ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ትንሽ መሆኑ ነው። እንዲህ አስተካክሉት፦

አንድ ብርጭቆ ስብ የሌለው ወተት ድስት ውስጥ አድርጉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ወተት በጥብጡና ጨምሩበት። እያማሰላችሁ በቀስታ አብስሉት። አውርዱት። ጣት ስትነክሩበት የማያቃጥል እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስብ የሌለው የወተት ዱቄት በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ቀላቅሉበት። ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ቀረፋ። ስኳር የለም። ማርም የለም። በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ጣፋጭ ከጠጣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማጥወልወልና ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል።

ይህ ወደ 16 ግራም ፕሮቲን አለው። በወተት ዱቄቱ ፈንታ ጣዕም የሌለው የፕሮቲን ዱቄት አንድ ስኩፕ (ዕቃው ውስጥ ያለችው መስፈሪያ) ብታስገቡ 30 ይደርሳል። በአንድ ጊዜ ግን አይጠጣም። እኔ በፔርሙዝ አድርጌ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፉት እያልኩ ነበር የምጨርሰው።

የተፈጨው ወቅት ሲገባ የኛ ምግብ ያሸንፋል። ክክ አልጫ በብሌንደር፣ ወፈር ያለ ምስር፣ ውስጡ ሁለት ማንኪያ አይብ የገባበት ሽሮ፣ ለስለስ ያለ የእንቁላል ጥብስ፣ በእርጎ የታሸ ቱና። በርበሬውን ለጊዜው ቀነስ አድርጉት። ቅቤውንም እንደዚያው።

4. ዱቄቱን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ

ሱቅ ውስጥ "ዌይ" እየተባለ የሚሸጠው ሌላ አይደለም፤ የኛው አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የምናፈሰውን አጓት ፋብሪካዎቹ አጥርተው፣ ፕሮቲኑን ለይተው፣ አድርቀው በውድ ይሸጡልናል። ይህን ለእናቴ ስነግራት "እኛማ ለጥጃ ነበር የምንሰጠው!" ብላ ሳቀችብኝ።

ብዙዎቻችን ወተት ሆዳችንን ይነፋዋል። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ስለማይፈጭልን ነው። እንዲያ ከሆነ "አይሶሌት" የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፤ ላክቶሱ በጣም ጥቂት ነው። የረጋ እርጎም ከጥሬ ወተት ይሻላል። ከእንስሳት ለማይፈልግ የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን አለ።

ጀርባው ላይ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በአንድ መጠን 20 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን መኖሩን። ሁለተኛ፣ ስኳሩ ከ5 ግራም አለመብለጡን። ሦስተኛ፣ "አንድ መጠን" ስንት ስኩፕ እንደሆነ። ይቺ ሦስተኛዋ ጉድ ሠርታኛለች። አንድ ወር ሙሉ በስኩፕ 24 ግራም እያልኩ ስቆጥር ከረምኩ። ለካ 24 የሚሆነው በሁለት ስኩፕ ነው! በየቀኑ 12 ግራም በወረቀት ላይ ብቻ ስበላ ቆየሁ ማለት ነው።

ኮላጅንን በተመለከተ፣ ለቆዳና ለፀጉር እያሉ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ፕሮቲን ከሚገነባባቸውና ከሚያስፈልጉን አሚኖ አሲዶች አንዱ፣ ትሪፕቶፋን፣ ጭራሽ የለውም። መጠጣት ትችላላችሁ፤ ከ60ው ውስጥ ግን አትቁጠሩት።

የዌይ ዱቄት የፈላ ነገር ውስጥ ከተጨመረ ይጓጉላል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ ለብ ባለው ላይ አፍስሱት። የፕሮቲን ዱቄት የማይገኝበት ቦታ ላላችሁ ደግሞ የወተት ዱቄት፣ እንቁላልና አይብ ተደማምረው ያደርሷችኋል።

5. ትሪውን ገልብጡት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። እኛ ስንበላ እንጀራው ነው የሚቀድመው። ወጥ የእንጀራ ማባያ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ጥቂት ጉርሻ ላይ ሆድ ይሞላል። ጥቂቱ ጉርሻ እንጀራ ከሆነ ፕሮቲኑ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ወጡ ይቅደም። በሹካ ወይም በትንሽ ማንኪያ፣ በሻይ ሳህን ላይ። መጀመሪያ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ዓሣው ወይም አይቡ። ቀጥሎ ጎመኑ። ቦታ ከተረፈ የመዳፍ ግማሽ የምታህል እንጀራ። መጀመሪያ ላይ በጣም ይከብዳል፤ እጄ ብቻውን ወደ እንጀራው ይሄድ ነበር። እኔ ያዳነኝ እንጀራውን ጭራሽ ወደ ገበታ አለማምጣት ነው። ከጨረስኩ በኋላ ካሰኘኝ ተነስቼ አመጣለሁ። ብዙ ጊዜ አልነሳም።

ስትበሉ አትጠጡ። ከበላችሁም በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ ግን በቀን 1.5 ሊትር መሙላት አለበት፤ ስለዚህ በምግብ መሃል ባሉት ሰዓታት ፉት ፉት በሉ። አንዱን ምግብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስጡት።

ስለ ማኘክ ደግሞ የራሴን ላውራ። በአምስተኛው ሳምንት፣ ገና ሐኪሙ ሳይፈቅድልኝ፣ የወንድሜ ልጅ ልደት ላይ አንድ ቁራጭ ጥብስ አነሳሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ነው የምታህለው። ሁለት ሦስቴ አኘክኋትና ዋጥኳት። ደረቴ መሃል ቆመች። ወደ ታች አትሄድ፣ ወደ ላይ አትመጣ። አፌን ምራቅ ሞላው፣ አረፋ የመሰለ ምራቅ። ውሃ ብጠጣ ይገፋልኛል ብዬ ጠጣሁ፤ ባሰብኝ። ውሃውም የሚሄድበት አልነበረውማ! መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ውጭ ልጆቹ "ሀፒ በርዝደይ" ይዘምራሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥጋ በአተር ፍሬ ልክ ነው የምቆርጠው፤ አፌ ውስጥ እንደ አጥሚት እስኪሆን ድረስ አኝከዋለሁ። ደረቅ ጥብስና የዶሮ ደረት ለጀማሪ አይሆኑም። የተፈጨ ሥጋ በመረቅ፣ የዶሮ ጭን፣ ቲላፒያ ይሻላሉ። የክትፎ ወዳጆች፣ ለእናንተም ደስ የሚል ነገር አለ፦ ሥጋው ቀድሞ የተከተፈ ስለሆነ ለአዲሱ ጨጓራ ምቹ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ የበሰለ ይሁን፤ ለብለብ አይደለም። ቅቤው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሚጥሚጣው ለሽታ ያህል። አይብ ጨመር ሲደረግበት 60 ግራም ክትፎ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ይጠጋል። ጥሬ ሥጋን ግን ተዉት። ኮሶው ሳያንስ፣ ጥሬ ሥጋ በደንብ ለማኘክም ያስቸግራል።

6. ቀኑን ከፋፍሉት

ከሦስተኛው ወር በኋላ የኔ ቀን ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ እንቁላል ከሁለት ማንኪያ አይብ ጋር፤ 10። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በግማሽ ብርጭቆ ወተት የተበጠበጠ አንድ ስኩፕ ዱቄት፤ 24 (ይህ በአንድ ስኩፕ 20 የሚሰጥ ሌላ ዱቄት ነው፤ ስኩፑን አሁን በትክክል እየቆጠርኩ)። 7 ሰዓት ላይ 60 ግራም ዓሣ፤ 15። 10 ሰዓት ላይ 100 ግራም ወፍራም እርጎ፤ 10። ማታ 1 ሰዓት ላይ 40 ግራም የተፈጨ ሥጋ ከሁለት ማንኪያ ምስር ጋር፤ ወደ 12። ድምሩ 71።

ረሃብ እስኪመጣ አትጠብቁ። በተለይ ስሊቭ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ የሚባል ነገር ላይሰማችሁ ይችላል። እኔ ስልኬ ላይ አምስት ደወል ሞልቼ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቼ መድኃኒት የምወስድ መስሏቸው ነበር። ከጠዋቱ ጀምራችሁ ሙሉት። ማታ 3 ሰዓት ላይ 35 ግራም ቀርቶባችሁ ብትገኙ አይሞላም፤ ለመሙላት መታገሉም ማስታወክ ያመጣል።

7. ጾም ሲመጣ

እዚህ ላይ ሰው ይደበቃል። ለሐኪሙ ስለ ጾሙ አይነግርም፣ ለነፍስ አባቱ ደግሞ ስለ ቀዶ ጥገናው አይነግርም። ለሁለቱም ንገሩ። የኔ ነፍስ አባት "አንቺ ሕመምተኛ ነሽ፤ በጸሎትና በምጽዋት ጹሚ" ብለውኝ የመጀመሪያውን ዓመት አልጾምኩም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ቦታ አላት። 55ቱን የሁዳዴ ቀናት ገና በተፈጨ ምግብ ላይ ሆኖ ያለ ወተትና እንቁላል ማለፍ ግን፣ በኔ ግምት፣ ራስን መጉዳት ነው።

ሆድ ለመድ ካለ በኋላ ረቡዕና ዓርብ ይቻላል። አንድ ብርጭቆ ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት ከአተር ፕሮቲን ዱቄት ጋር 27 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ምስር 9። 100 ግራም ጠንከር ያለ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ፣ አይብ የሚመስል ምግብ) 13 ገደማ፤ በቃሪያና በቲማቲም እንደ ጥብስ ሲሠራ አይታማም። ወፍራም ሽሮ 6። አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 4። ድምሩ 59 ነው። ዱቄቱን ካወጣችሁት ግን 39 ላይ ትቀራላችሁ። ስለዚህ በጾም ቀን ዱቄቱ የግድ ነው። ከሰዓት በኋላ ድረስ ባዶ ሆድ መቆየትን ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ረመዳን ላይ ፈተናው እጥፍ ነው፤ ፕሮቲኑም ውሃውም በሌሊት ሰዓታት ውስጥ መግባት አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሞከር አይደለም። ከዚያ በኋላም በሐኪም ፈቃድ ይሁን፤ ኢፍጣሩን በሳምቡሳ ሳይሆን በፕሮቲን ጀምሩት።

8. ሰውነት ሲናገር ስሙት

በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ፀጉር ይረግፋል። አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ጥገናውና ከክብደቱ ፈጥኖ መውረድ የሚመጣ ነው፣ ተመልሶም ይበቅላል። ፕሮቲን ካነሰ ግን ይብሳል። ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደውን ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን የምትውጡ ከሆነ የደም ምርመራ ከመስጠታችሁ በፊት ንገሯቸው፤ እንደ ታይሮይድ ያሉ ውጤቶችን ያዛባል።

እግር ካበጠ፣ ደረጃ መውጣት ካቃታችሁ፣ ቁስል አልድን ካለ ለሐኪማችሁ ደውሉ። ከሁሉ የሚያስቸኩለው ማስታወክ ነው። አንድ ሁለት ቀን ምንም ነገር ሆድ ውስጥ አልቆይ ካለ ቤት አትቀመጡ። ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል፣ ነርቭና አንጎልን ይጎዳል። ውጭ አገር ሄዳችሁ ተሠርታችሁ የተመለሳችሁ ከሆነ ደግሞ ባላችሁበት ቦታ የሚከታተላችሁ ሐኪም ያዙ፤ የደም ምርመራውና ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው።

9. ጉርሻን በተመለከተ

ግብዣ ላይ "በሞቴ!" ሲባል "ዳይት ላይ ነኝ" ማለት አይሠራም። "ሐኪም ከልክሎኛል" ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን "አንዲት ጉርሻ ምን ትጎዳለች?" ያስከትላል። ያቺ "አንዲት" ጉርሻ የሕፃን ጡጫ ታህላለች፤ ዘጠኝ እጁ እንጀራ ነው። እኔ የሠራልኝ ቀድሞ መንገር ነው። አክስቴን ከፋሲካ በፊት ደውዬላት "እትዬ፣ አጉርሺኝ፤ ግን ያለ እንጀራ፣ በጣትሽ ጫፍ" አልኳት። መጀመሪያ ቅር አላት።

በፋሲካው ዕለት ሁሉም ትሪውን ከቦ ተቀምጦ እሷ ከማዕድ ቤት የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ይዛ ወጣች። አንድ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ፣ መረቁ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ። አጠገቡ ከጭኑ የተፈለፈለ የዶሮ ሥጋ። ጥግ ላይ አንድ ማንኪያ አይብ። "ይሄ ያንቺ ነው፤ ማንም እንዳይነካው" አለችና ፊቴ አስቀመጠችው። እኔ በሆዴ ደመርኩ፦ 6፣ 10፣ 2።